በባዶ እጅ የሚጀመር ጨዋታ

ጨዋታዎችን በአጨዋወታቸው ብንመረምራቸው በሁለት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን። በአንደኛው ወገን የሚገኙት ፍጻሜያቸው አስቀድሞ የተወሰነላቸው ናቸው። በእግር ኳስ የመጨረሻው ደቂቃ ሲሞላ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ በገበጣ ጠጠሮቹ ተለቅመው ሲያልቁ ይቆጠራሉ፤ ማን እንዳሸነፈና ማን እንደተሸነፈም ወዲያው ይታወቃል። በሌላው ወገን ደግሞ ሕፃናት ከደጃፍ ሆነው የሚጫወቱት የዕቃ ዕቃ ጨዋታ ይገኛል። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ልጆች ጭቃውን ወጥ፣ ቅጠሉን እንጀራ፣ ጠጠሩን ከብት ያደርጉታል። አንዱ የሠራውን ቤት ሌላው ያሰፋዋል፤ የፈረሰውም እንደገና ይሠራል። በዚህ ጨዋታ አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ የሚያበቃውም ሲመሽ ወይም እናት ስትጣራ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ለሕፃናት መጫወቻ በተከለሉ ሥፍራዎች አሸዋ የተሞላበት ሰፊ ሣጥን ይዘጋጃል። ልጆቹም አሸዋውን እየቆለሉ ተራራ፣ እየቆፈሩ ወንዝ፣ እየጠፈጠፉ ግንብ ይሠሩበታል። የኮምፒዩተር ጨዋታ አዘጋጆች ይህን አብነት በማድረግ፣ ተጫዋቹ የወደደውን እንዲሠራ ዓለሙንና ዕቃውን ብቻ ሰጥተው የሚተዉትን ጨዋታ «የአሸዋ ሣጥን» ብለው ሰየሙት። ከእነዚህም መካከል አንዳንዶቹ በነጻነቱ ላይ አንድ ግዴታ ይጨምራሉ፤ ይኸውም ተጫዋቹ በሕይወት እንዲቆይ ነው። ተጫዋቹ ይርበዋል፤ ይመሽበታል፤ ጠላት ይመጣበታል፤ ይሞታልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጀማሪ እንዲህ ባለው ጨዋታ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር ማስረዳት ነው። ለምሳሌነትም ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ እንወስዳለን።

ማይንክራፍትን የጀመረው ማርከስ ፐርሰን የተባለ ስዊድናዊ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ጨዋታው ለሕዝብ መጀመሪያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ ወር 2009 ሲሆን፣ ተሟልቶ የወጣው በኖቬምበር ወር 2011 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) በ2014 ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ጨዋታውን የሚያዘጋጀውን ሞጃንግ የተባለውን የስቶክሆልም ድርጅት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የተሸጠው ቅጂ ከ300 ሚሊዮን ማለፉም በ2023 ተገልጿል። መልኩን ለተመለከተ ሰው ግን ይህን ያህል ወዳጅ ያፈራው በውበቱ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዛፉ ማዕዘን አለው፤ ደመናው ማዕዘን አለው፤ ፀሐይ እንኳ አራት ማዕዘን ናት።

ይህ የሆነበት ምክንያት ዓለሙ ከሞላ ጎደል በኩብ የተሠራ በመሆኑ ነው። የእያንዳንዱ ኩብ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት አንድ አንድ ሜትር ነው። አፈሩ፣ ዐለቱ፣ አሸዋውና የዛፉ ግንድ ሁሉ ኩብ በኩብ ተፈንቅሎ በሌላ ቦታ ሊደረደር ይችላል። ዓለሙ ከዳር እስከ ዳር 60 ሚሊዮን ኩብ ይሰፋል። ከዚህም በላይ ተጫዋቹ አዲስ ዓለም በከፈተ ቁጥር ተራራውና ወንዙ፣ ዋሻውና ጫካው በሌላ አኳኋን ይፈጠራል። ስለዚህ አንዱ ተጫዋች የሚያውቀው መንገድ ለሌላው ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የዓለሙን ሕግ ማወቅ ነው፤ ሕጉ በሁሉም ዓለም አንድ ነውና።

ጀማሪው ጨዋታውን ሲከፍት ራሱን በአንድ ሜዳ ወይም በአንድ ጫካ ዳር ቆሞ ያገኘዋል። በእጁ ምንም የለም። በገጹ ግርጌ 10 ልቦችና 10 የሥጋ ብልቶች ተሥለው ይታያሉ። ልቦቹ የሕይወቱን መጠን፣ ብልቶቹ የጥጋቡን መጠን ያመለክታሉ። ሂድ የሚለው፣ ጠብቅ የሚለውም የለም። ወፍራም መጽሐፍ ሳያነብብ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ሰው የጀማሪውን ሁኔታ በቀላሉ ይረዳዋል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት ወዲያና ወዲህ መሮጥ፣ በግ ማባረር፣ ኮረብታ ላይ ወጥቶ አገሩን መመልከት ነው። ይህ ራሱ ደስ ያሰኛል፤ ችግሩ ግን ጊዜው መቆጠሩ ነው።

በማይንክራፍት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህም ውስጥ 10 ደቂቃው ሙሉ ብርሃን ያለበት ቀን ሲሆን፣ 7 ደቂቃው ሌሊት ነው፤ የቀረው 3 ደቂቃ ለምሽትና ለንጋት እኩል ይከፈላል። ፀሐይ እንደ እውነተኛው ዓለም በምሥራቅ ወጥታ በምዕራብ ትጠልቃለች። ጀማሪው ይህን ካስተዋለ አቅጣጫውንም ሰዓቱንም ከሰማይ ያነብባል። ካላስተዋለ ግን ገና ኮረብታውን ሲያደንቅ ጥላው ይረዝምበታል።

እንግዲህ በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ምን መሥራት ይገባዋል? የመጀመሪያው ሥራ ዛፍ መቁረጥ ነው። መሣሪያ ስለሌለው ግንዱን በቡጢ ይመታዋል፤ 3 ሴኮንድ ያህል ሳያቋርጥ ሲመታውም አንድ ኩብ ግንድ ተፈንቅሎ በእጁ ይገባል። በቡጢ ዛፍ መጣል በየትኛውም አገር ያልታየ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የግንዱ ሥር ተቆርጦ ሲወሰድ የቀረው ዛፍ ሳይወድቅ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ነው። ጨዋታው በዚህ ረገድ ከፊዚክስ ትምህርት ጋር ጨርሶ አይስማማም። ሆኖም ለራሱ ሕግ ታማኝ ነው፤ ዛሬ ተንጠልጥሎ የቀረው ነገም ይንጠለጠላል፤ አሸዋና ኮረት ግን ሥራቸው ከተነሣ ሁልጊዜ ይወርዳሉ።

ከዚህ በኋላ ሒሳብ ይጀመራል። 1 ግንድ 4 ጣውላ ይወጣዋል። 2 ጣውላ 4 በትር ይሆናል። 4 ጣውላ ደግሞ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ይሠራል። ጠረጴዛው የግድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ በእጁ ብቻ ሲሠራ ዕቃዎቹን የሚደረድርበት ሠንጠረዥ 2 በ2 ሲሆን፣ በጠረጴዛው ላይ ግን 3 በ3 ይሆንለታል። ዶማ የሚሠራው 3 ጣውላ ከላይ በአግድም፣ 2 በትር ከመካከል ወደ ታች ሲደረደር ነው። የድርድሩ ቅርጽ የዕቃውን ቅርጽ እንደሚመስል ልብ በሉ።

አሁን ጀማሪው 3 ግንድ ብቻ ቆርጧል እንበል። 12 ጣውላ ያገኛል። ከዚህም 4ቱን ለጠረጴዛ፣ 2ቱን ለበትር፣ 3ቱን ለዶማ ቢያውል 3 ጣውላና 2 በትር ይተርፈዋል። ከትርፉም በ2 ጣውላና በ1 በትር የእንጨት ሰይፍ ቢሠራ፣ በመጨረሻ 1 ጣውላና 1 በትር ይቀሩታል። ከሦስት ግንድ ዶማም፣ ሰይፍም፣ መሥሪያ ጠረጴዛም ተገኘ ማለት ነው። ይህን ስሌት የማያውቅ ጀማሪ አርባና አምሳ ግንድ ሲቆርጥ ይውላል፤ ወይም ደግሞ የእንጨት መጥረቢያ፣ የእንጨት አካፋና የእንጨት መኮትኮቻ በተራ እየሠራ ቀኑን ይጨርሰዋል። በእኔ ግምት ከእንጨት መሠራት ያለበት ዶማው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ድንጋዩ እስኪገኝ ቢቆይ አይጎዳም።

የዶማው ነገር የተለየ የሆነበት ምክንያት አለው። ጀማሪው ዐለትን በባዶ እጁ ሊፈነቅል ይችላል፤ ነገር ግን ለአንድ ኩብ 7 ሴኮንድ ተኩል ይፈጅበታል፤ ከፈነቀለውም በኋላ ኩቡ ጠፍቶ በእጁ ምንም አይቀርለትም። በእንጨት ዶማ ግን ሥራው ከአንድ ሴኮንድ ብዙም አይበልጥም፤ ድንጋዩም ይገኛል። የጨዋታው ዋና ሕግ እዚህ ላይ ይገለጣል። ድንጋይን የሚሰጠው የእንጨት ዶማ ነው፤ የብረትን ማዕድን የሚሰጠው ቢያንስ የድንጋይ ዶማ ነው፤ አልማዝንና ወርቅን ቢያንስ የብረት ዶማ ይሻሉ። በእንጨት ዶማ የብረትን ማዕድን የሚቆፍር ሰው ማዕድኑን አጥፍቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። እያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለውን ደረጃ በር ይከፍታል፤ ዘሎ ማለፍ የሚቻለው በጥቂት አጋጣሚዎች ብቻ ነው።

መሣሪያዎቹ በጥንካሬያቸውም ይለያያሉ። የእንጨት ዶማ 59 ጊዜ ከሠራ በኋላ ይሰበራል። የድንጋዩ 131 ጊዜ፣ የብረቱ 250 ጊዜ፣ የአልማዙ 1,561 ጊዜ ያገለግላል። የወርቁ ዶማ ግን ከሁሉ ፈጣን ሆኖ ሳለ 32 ጊዜ ብቻ ሠርቶ ያልቃል። ወርቅ ለጌጥ እንጂ ለቁፋሮ እንደማይሆን ጨዋታው በዚህ ያስታውሳል።

የሰው ልጅ ታሪክም በእንጨት፣ በድንጋይና በብረት አልፎ መምጣቱ እሙን ነው፤ ርቀቱ ግን አይወዳደርም። በአፋር ምድር በጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ እስከ ብረት የተኬደው ዘመን በአብዛኛው በድንጋይ ያለፈ ነው። በጨዋታው ያው መንገድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በመካከሉም የጎደለ ነገር አለ። መዳብ ወደ ጨዋታው የገባው በ2021 ሲሆን፣ መሣሪያ የሚሠራበት የሆነው ገና በ2025 ነው። መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሰጡት ነሐስ፣ በእውነተኛው ታሪክ ዘመን የተሰየመለት ነሐስ፣ በጨዋታው የለም።

ወደ ጀማሪያችን እንመለስ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ በእጁም የድንጋይ ዶማ ይዟል። አሁን የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። 8 ድንጋዮችን በሠንጠረዡ ዙሪያ ደርድሮ መካከሉን ባዶ ቢተወው ምድጃ ይሆንለታል። የድንጋይ ከሰል በአቅራቢያው ካላገኘ፣ ግንድን በምድጃው ውስጥ ከትቶ በጣውላ እሳት ቢያነድድበት የእንጨት ከሰል ያወጣል። 1 ከሰልና 1 በትር 4 ችቦ ይሆናሉ። ብዙ ጀማሪዎች የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ሲንከራተቱ የሚመሽባቸው ይህን ባለማወቃቸው ነው። ከሰል ከዛፍ እንደሚገኝ በእርግጥ የአገራችን አንባቢ ከማንም በፊት ሊገምተው ይገባ ነበር።

ችቦው ከማብራት ሌላ ትልቅ ተግባር አለው። በዚህ ዓለም የብርሃን መጠን ከ0 እስከ 15 ይለካል። የችቦ ብርሃን በቆመበት ቦታ 14 ሲሆን፣ አንድ ኩብ በራቀ ቁጥር በ1 ይቀንሳል። ከ2021 መጨረሻ ወዲህ አብዛኞቹ ጠላቶች የሚፈጠሩት ብርሃኑ ፈጽሞ 0 በሆነበት ሥፍራ ነው። ስለዚህ አንድ ችቦ በሚገባ ሲተከል በዙሪያው ያለውን መሬት ከጠላት መፈልፈያነት ያወጣዋል። ጀማሪው ችቦ ሲተክል አጥር እየሠራ ነው ቢባል አይሳሳትም።

ሌሊቱ ሲገባ ዓለሙ ይለወጣል። በቀን በጎች ሲግጡበት በነበረው ሜዳ ላይ ዞምቢዎች እያቃሰቱ ይመጣሉ። ዐፅሞች ከሩቅ ቀስት ይወረውራሉ። ሸረሪቶች ግድግዳ ላይ ይወጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ጀማሪን የሚያስደነግጠው ግን ክሪፐር የተባለው አረንጓዴ ፍጥረት ነው። ክሪፐር እጅ የለውም፤ ድምፅም አያሰማም። ከተጫዋቹ አጠገብ ሲደርስ ብቻ ለአንድ ሴኮንድ ተኩል ፍሽሽ ብሎ ይፈነዳል፤ ከተጫዋቹም ጋር የደከመበትን ግድግዳ ያፈርሳል። ዞምቢና ዐፅም ፀሐይ ስትወጣ ይቃጠላሉ፤ ክሪፐር ግን አይቃጠልም፤ በጠዋት በሩን ከፍቶ የሚወጣውን ተጫዋች ከደጃፍ ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። የዚህ ፍጥረት አመጣጥ ራሱ አስገራሚ ነው። ፐርሰን አሳማ ለመሥራት ሲሞክር የቁመቱንና የርዝመቱን ልክ አቀያይሮ በመጻፉ የተገኘ ቅርጽ ነው። እንዲህ ያለ አስፈሪ ነገር ድመት መፍራቱ ደግሞ ሳያስቅ አይቀርም።

ለመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ጀማሪው ወደ አንድ ኮረብታ ጎን ሦስት አራት ኩብ ያህል ቆፍሮ ቢገባ፣ መግቢያውን በድንጋይ ቢደፍንና አንድ ችቦ ቢተክል በቂው ነው። ከውጭ የዞምቢው ሲቃ ይሰማል፤ ድንጋዩን ግን አልፎ አይመጣም። እዚህ ላይ አንዱ ጀማሪ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። አንዱ ሌሊቱ እስኪያልፍ ችቦውን እያየ 7 ደቂቃ ይቀመጣል። ሌላው ወደ ኮረብታው ውስጥ መቆፈሩን ይቀጥላል፤ ሲነጋም የድንጋይ ከሰልና ምናልባትም የብረት ማዕድን ያለበትን ግድግዳ አግኝቶ ይወጣል። ያስጨነቀው ሌሊት ለእርሱ የሥራ ጊዜ ሆኖለታል።

በሁለተኛው ቀን ረኀብ ይመጣል። መሮጥ፣ መዝለልና መዋጋት ጥጋብን ይቀንሳሉ። ከ10 ብልቶች የቀሩት 3 ብቻ ሲሆኑ ተጫዋቹ መሮጥ አይችልም፤ ጨርሰው ሲያልቁም ልቦቹ አንድ በአንድ መጉደል ይጀምራሉ። በጥጋቡ ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው የጎደሉት ልቦች በራሳቸው ይሞላሉ። ጥጋብ በ20 ነጥብ ሲለካ፣ ጥሬ የበሬ ሥጋ 3 ነጥብ ሲሰጥ፣ ያው ሥጋ በምድጃ ከተጠበሰ 8 ይሰጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድድ አንባቢ በዚህ ሚዛን ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ ጀማሪው ግን ምድጃውን የሠራው ለችቦ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል።

በዚሁ ቀን ሦስት በጎች ቢያገኝ አልጋ ይሠራል። አልጋ 3 የአንድ ቀለም የበግ ጠጉርና 3 ጣውላ ይፈልጋል። በአልጋ የተኛ ተጫዋች ሌሊቱን በቅጽበት አሳልፎ ጠዋት ይነሣል። ከዚህም የሚበልጠው ጥቅሙ ሌላ ነው። ተጫዋቹ የሞተ እንደሆነ ዳግመኛ የሚነሣው ከአልጋው አጠገብ ይሆናል፤ አልጋ ከሌለው ግን ጨዋታውን በጀመረበት ሥፍራ አካባቢ፣ ምናልባትም ከቤቱ እጅግ ርቆ ይነሣል።

ስለ ሞት ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ የጀማሪው እውነተኛ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነውና። በአራተኛው ቀን ጀማሪያችን 14 የብረት ማዕድን ይዞ በዋሻ ውስጥ ይሄዳል እንበል። ማዕድኑን በምድጃ ቢያቀልጠው ለእያንዳንዱ 10 ሴኮንድ ይበቃው ነበር፤ በ3 ብረትና በ2 በትር የብረት ዶማ፣ በ3 ብረት ባልዲ፣ በ1 ብረትና በ6 ጣውላ ጋሻ ይሠራ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ተጨማሪ ለማግኘት ሲል ከእግሩ በታች ያለውን ድንጋይ ፈነቀለው። ከሥሩ ባዶ ገደል ነበር። በዚህ ዓለም ከ3 ኩብ በላይ የወደቀ ሰው በእያንዳንዱ ትርፍ ኩብ ግማሽ ልብ ያጣል፤ ከ23 ኩብ የወደቀ ሰው ልቦቹ ሙሉ ቢሆኑም ይሞታል። ከገደሉ ሥር የቀለጠ ዐለት ቢኖር ደግሞ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ዕቃውም ጭምር ተቃጥሎ ይቀራል። በቀጥታ ወደ ታች መቆፈር ክልክል ነው የሚለው ምክር በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ብልኅ ቆፋሪ መሬቱን እንደ ደረጃ እየጠረበ ይወርዳል።

የሞተው ተጫዋች ባዶ እጁን በአልጋው አጠገብ ይነሣል። ይዞት የነበረው ሁሉ በሞተበት ሥፍራ ተበትኖ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ለዘለዓለም አይቆይም። ተጫዋቹ በአካባቢው ባለበት ጊዜ ተቆጥሮ 5 ደቂቃ ሲሞላ የተበተነው ይጠፋል። ጀማሪው ይህን ሲሰማ ወዲያው ይሮጣል፤ በጨለማ፣ ያለ ሰይፍ፣ ያለ ችቦ፣ ወደዚያው ዋሻ ይገባል። በአብዛኛው ሁለተኛ ይሞታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል የተፈጸመ ይመስላል፤ ልዩነቱ መልቀሙ አለመቻሉ ነው። ልምድ ያለው ተጫዋች ግን በቤቱ ሣጥን ውስጥ ለዚህ ቀን ያስቀመጠው ትርፍ ዶማ፣ ጥቂት ችቦና ምግብ አለው። እርሱን ይዞ ይሄዳል። ወደ ዋሻም ሲወርድ ገና ከመጀመሪያው የሚያስፈልገውን ብቻ እንጂ ያለውን ሁሉ ይዞ አይወርድም።

ዕቃውን ሁሉ ያጣ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ጨዋታውን ዘግቶ ይነሣል። በተለይ ብዙ ሰዓት የደከመበት ነገር ጠፍቶበት ከሆነ ንዴቱ እውነተኛ ነው፤ «ጨዋታ ብቻ ነው» ቢሉት አይጽናናም። በማግስቱ ተመልሶ ሲከፍተው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። የመጀመሪያውን የድንጋይ ዶማ ለመሥራት ቀኑን ሙሉ ፈጅቶበት ነበር፤ አሁን ከባዶ እጅ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ሦስትና አራት ደቂቃ ይበቃዋል። 3 ግንድ ብቻ ይቆርጣል። ከሰሉን የት እንደሚያገኝ ያውቃል። ፀሐይዋን እያየ ጊዜውን ይመጥናል። ሞት ከከረጢቱ ያለውን ሲወስድ ከጭንቅላቱ ያለውን አልነካበትም። በሌሎች ብዙ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ከፍ ማለቱ በነጥብ ይቆጠርለታል፤ እዚህ ግን እድገቱን የሚያሳየው ያን ያህል አስጨንቆት የነበረው ነገር ዛሬ ሳያስበው መሥራቱ ነው።

ይህ እውቀት ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የዕቃዎችን አሠራር የሚያሳይ መዝገብ በጨዋታው ውስጥ የተጨመረው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት 8 ድንጋይ ተደርድሮ ምድጃ እንደሚሆን ጨዋታው ራሱ አይናገርም ነበር፤ ወይ በሙከራ ይገኛል፤ አለዚያም ከሚያውቅ ሰው ይጠየቃል። ስለዚህ ታናሽ ወንድም ከታላቁ፣ ጓደኛ ከጓደኛው እየተማረ አለፈ። መዝገቡ ከገባ በኋላም ቢሆን ጀማሪው ለምን አልጋ እንደሚቀድም፣ ለምን ወደ ታች እንደማይቆፈር የሚነግረው አላገኘም። አሠራርን መዝገብ ያስተምራል፤ ቅደም ተከተልን ግን ሰው ነው የሚያስተምረው።

ቀጣዮቹ ቀኖች ጸጥ ያሉ ናቸው። ጀማሪው ከሣር ውስጥ የስንዴ ዘር ይለቅማል፤ በመኮትኮቻ መሬቱን ያለሰልሳል፤ ውኃ እስከ 4 ኩብ ርቀት ድረስ ማሳውን ስለሚያረጥብ መስኖውን በዚያ ልክ ያወጣል። 3 ስንዴ አንድ ዳቦ ይሆናል። በስንዴውም በጎችንና ላሞችን አስከትሎ ወደ በረት ያስገባል፤ ያራባቸዋል። ከቆረጠው ዛፍ ቅጠል የወደቀውን ችግኝ መልሶ ይተክላል። አደን ሲያሯሩጠው የነበረ ሰው አሁን በአንድ ቦታ የተቀመጠ ገበሬ ሆነ፤ ቤቱንም ማስፋት የሚያምረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚያም የብረት ዶማውን ይዞ እጅግ ወደ ታች ይወርዳል። የዓለሙ ወለል ከባሕር ወለል በታች ጠልቆ ይገኛል፤ አልማዝም በብዛት ያለው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ የቀለጠ ዐለት ኩሬዎችም የሚበዙት እዚያው ነው። 3 አልማዝ ሲያገኝ የአልማዝ ዶማ ይሠራል። በቀለጠው ዐለት ላይ ከባልዲው ውኃ ቢያፈስስበት ጥቁርና ጠንካራ የመስተዋት ድንጋይ ይሆናል። ይህን ድንጋይ ፈንቅሎ ለመውሰድ የሚችለው የአልማዝ ዶማ ወይም ከእርሱ የበለጠ ብቻ ነው። ከዚህ ድንጋይ 10 ኩብ ወስዶ በበር ቅርጽ ቢያቆምና እሳት ቢለኩስበት፣ በሩ ወደ ሌላ ዓለም ይከፈታል።

በዚያኛው ዓለም ሰማይ የለም፤ ቀንና ሌሊትም አይፈራረቅም። ከባልዲ የፈሰሰ ውኃ ወዲያው ይተንናል። የአቅጣጫ መርፌ ያለ ልክ ይሽከረከራል። በሩን አልፎ የገባው ተጫዋች እንደለመደው አልጋውን ዘርግቶ ሊተኛ ቢሞክር አልጋው ይፈነዳበታል።